አንድ ሞተር ለኩርባም ለረጅም ጉዞም፦ ከባሕር ዳር ለሚነሳ ሞተረኛ የምርጫ መመሪያ

ሁለት ሞተር ገዝቶ ማቆም የሚችል ሰው ይሄ ጽሑፍ አይመለከተውም። አንዱን ለፍጥነት፣ አንዱን ለጉዞ ይግዛና ይገላገል። ይሄ የተጻፈው ኪሱ ለአንድ ብቻ ለሚበቃ፣ ልቡ ግን ለሁለት ለተከፈለ ሰው ነው። ቅዳሜ ጠዋት የደብረ ታቦርን ዳገት ኩርባ በኩርባ መውጣት ያምረዋል። ለበዓል ደግሞ ሻንጣ ጭኖ፣ ሰው ከኋላ አስቀምጦ፣ ጎንደር ወይ አዲስ አበባ መግባት ይፈልጋል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የጉዞ ሞተርን ስፖርታዊ ማድረግ ቀላል ነው። ጥሩ ጎማ፣ በክብደታችሁ ልክ የተስተካከለ ሾክ፣ ደህና የፍሬን ሸራ ከገባለት ኩርባ ላይ ያስደስታል። ስፖርት ሞተርን ወደ ጉዞ ሞተር መቀየር ግን ጣጣው ብዙ ነው። መሪው፣ የእግር መርገጫው፣ መቀመጫው፣ ታንኩ ሁሉም ለሌላ ሥራ ነው የተሠሩት። ስለዚህ ፍለጋውን የሚጀምሩት ከጉዞው ወገን ነው።

ደረጃ 1፦ መንገዳችሁን ወረቀት ላይ አስፍሩ

ሞተር ከማየታችሁ በፊት በዓመት ውስጥ በእርግጥ የምትሄዱባቸውን መንገዶች ጻፉ። የምትመኟቸውን አይደለም፣ የምትሄዱባቸውን።

ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አስፋልት። ሐሙሲትን አልፎ በፎገራ ሜዳ እስከ ወረታ ቀጥ ያለ ነው፤ ከአዲስ ዘመን ወዲያ ዳገቱና መታጠፊያው ይመጣል። ከወረታ ወደ ቀኝ የተገነጠለ ደግሞ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ከሐይቁ ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ተነስቶ 2,700 ገደማ ይደርሳል። በጉና ግርጌ አልፎ ነፋስ መውጫ የሚደርስ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው የሚተነፍሰው። ወደ ደቡብ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያ ደጀንና የዓባይ በረሃ። አዲስ አበባ ለመድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ከዚህ ሌላ አጫጭሮቹ አሉ። ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዘጌ። የከተማው ኮብልስቶን። ሐምሌ ላይ ጭቃ የሚሆነው የሰፈር መግቢያ።

አሁን ከዝርዝሩ ውስጥ በጣም መጥፎውን መንገድ አክብቡት። ሞተሩን የሚመርጥላችሁ እሱ ነው። 170 ኪሎ ሜትር ጥሩ አስፋልት ላይ ማንኛውም ሞተር ይሄዳል። ሆዱ ዝቅ ያለ ስፖርት ሞተር የሚያለቅሰው በቀሪዋ አሥር ኪሎ ሜትር ጠጠር ላይ ነው። በተለይ የዓባይ በረሃ ቁልቁለትን የምታውቁ ሰዎች አስፋልት ማለት ሁልጊዜ ለስላሳ ማለት እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። የጭነት መኪና ክብደት አስፋልቱን እንደ ቦይ ጨፍልቆት የሚገኝበት ቦታ አለ። ጎማ እዚያ ቦይ ውስጥ ከገባ መሪው በራሱ ሐሳብ መሄድ ይጀምራል።

ደረጃ 2፦ ተቀመጡበት፣ ግን በደንብ

ብዙ ሰው ሞተር ላይ ወጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ይወርዳል። ይሄ ሙከራ አይባልም። ሞተሩን ሰው ይያዝላችሁ ወይም በመሐል ማቆሚያው ይቁም። ሁለት እግራችሁን መርገጫው ላይ አድርጉ። መሪውን ያዙ። አሁን ሁለት እጃችሁን ከመሪው ጥቂት ከፍ አድርጉና እዚያው ቆዩ። ወደ ፊት ሳትወድቁ መቆየት ከቻላችሁ ክብደታችሁን የያዘው ወገባችሁና እግራችሁ ነው። ወዲያው ወደ ታንኩ የምትደፉ ከሆነ ክብደቱን የያዘው የእጅ አንጓችሁ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ላይ ሐሙሲት ሳትደርሱ እጃችሁ መደንዘዝ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ስለ ስፖርት ሞተር ብዙ ሰው የማይነግራችሁ ነገር አለ። የስፖርት ሞተር አቀማመጥ የተሠራው ለከፍተኛ ፍጥነት ነው። ነጂው ሲፈጥን ንፋሱ ደረቱን ይደግፈዋል፤ እጁ ያርፋል። እኛ መንገድ ላይ ግን አማካይ ፍጥነቱ 60 እና 70 ነው። ከብት አለ፣ ጋሪ አለ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ አለ። በዚህ ፍጥነት ንፋሱ ምንም አይደግፍም። ሸክሙ በሙሉ እጅ ላይ ይቀራል። ጣሊያን ወይም ጃፓን ውስጥ ምቹ ነው የተባለ ሞተር ፎገራ ሜዳ ላይ ወገብ የሚቆርጠው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ጉልበታችሁን እዩ። ከ90 ዲግሪ በታች በጣም የታጠፈ ጉልበት ለሁለት ሰዓት አይሆንም። ረጅም ሰው ከሆናችሁ ይሄ ከሁሉ በፊት ይመጣል።

ከዚያ መሬት መንካት። ሁለቱም እግሮች ከፊል መዳፋቸው መሬት መንካት አለባቸው። ተረከዝ ባይደርስ ችግር የለም። ግን መንገዱ ወደ ቀኝ ያዘነበለበት ቦታ ላይ፣ ባጃጅ ፊታችሁ ድንገት ሲቆም፣ አንድ እግር አየር ላይ ከቀረ ሞተሩ ከነሻንጣው ይወድቃል። የመቀመጫ ከፍታ ከ790 እስከ 840 ሚሊ ሜትር መሃል ያለው ለአብዛኛው ሰው ይሆናል።

ከኋላ የሚቀመጠውንም ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ባለቤታችሁ ከሆነች ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት እንጂ በኋላ አትጠይቋት። የስፖርት ሞተር የኋላ መቀመጫ የመዳፍ ስፋት ብቻ ያላት፣ መርገጫዋም ሽቅብ የተሰቀለች ናት። ጎንደር ደርሶ የሚያኮርፍ ሰው ይዞ መመለስ ቀላል አይደለም።

ደረጃ 3፦ ስለ ሞተሩ ጉልበት ከፍታውን ቀንሳችሁ አስቡ

የፋብሪካው ወረቀት ላይ ያለው የፈረስ ጉልበት የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። በግምት በየ100 ሜትር ከፍታ 1 በመቶ ይቀንሳል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። ባሕር ዳር ላይ 18 በመቶ ገደማ ሄዷል። ነፋስ መውጫ ላይ 30 በመቶ። 68 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚያ ላይ 48 ገደማ ይቀርለታል። ፊውል ኢንጀክሽን ያለው ሞተር የቤንዚኑን መጠን ከአየሩ ጋር በራሱ ያመጣጥናል፤ የጠፋውን ኦክስጅን ግን አይመልስም። ካርቡራተር ያለው ደግሞ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ዳገት ላይ ይንተፋተፋል። ካርቡራተር የሚያስተካክል ጎበዝ መካኒክ ከሌላችሁ ኢንጀክሽን ያለውን ምረጡ።

ታዲያ ትልቁን ሲሲ ልግዛ? አይደለም። ጉልበቱ የት ላይ እንደሚመጣ ነው የሚታየው። እንደ ሆንዳ ሲቢአር 600 አርአር ያለ ባለ አራት ሲሊንደር ስፖርት ሞተር ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ ከ13,000 ዙር በላይ ነው። ከአዲስ ዘመን ወዲያ ዳገት ላይ ከአይሱዙ ኋላ በ40 ስትጎተቱ 13,000 ዙር ምን ያደርግላችኋል? እዚያ የሚያስፈልገው በ4,000 እና በ6,000 ዙር መሃል የሚገፋ ሞተር ነው። ማርሽ አንድ ቀንሶ፣ አየት አድርጎ፣ ማለፍ።

ይሄን በደንብ የሚያደርጉት ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ከ500 እስከ 700 ሲሲ ያሉት ናቸው። ብቻችሁን የምትሄዱ ከሆነ ባለ አንድ ሲሊንደር 400 ገደማም ይበቃል። ከ1,000 ሲሲ በላይ ያለው ለእኔ እዚህ አገር የጉራ ነው። ጭቃ ውስጥ ስትወድቁ ማን ያነሳዋል?

ደረጃ 4፦ አንድ ሞተር፣ ሁለት አካል

ነገሩን በዓይን ለማየት የሚመች ምሳሌ ካዋሳኪ ሠርቶልናል። ኒንጃ 650 እና ቨርሲስ 650 አንድ ዓይነት 649 ሲሲ ሞተር ነው ያላቸው፤ ባለ ሁለት ሲሊንደር። ልዩነታቸው ሌላው ነገር ሁሉ ነው።

ኒንጃው መቀመጫው 790 ሚሊ ሜትር ነው። ታንኩ 15 ሊትር ይይዛል። የፊት ሾኩ 125 ሚሊ ሜትር ይጨመቃል። ቀለል ያለ ነው፣ ዝቅ ይላል፣ ኩርባ ላይ ቶሎ ይታጠፋል። መሪውም እንደ እውነተኛው የውድድር ሞተር በጣም የተደፋ አይደለም።

ቨርሲሱ 840 ገደማ ይቆማል። ታንኩ 21 ሊትር ነው። የፊት ሾኩ 150 ሚሊ ሜትር ይጨመቃል። ቀና ብለው ነው የሚቀመጡበት። ሃያ ኪሎ ግራም ገደማም ይከብዳል። ግን ጎማውን ልብ በሉ፦ ከፊትም ከኋላም 17 ኢንች፣ እንደ ኒንጃው። ይሄ ማለት ለስፖርት የሚሠራ ጎማ በሙሉ ይገጥምለታል። ከላይ ስለ ጉዞ ሞተር ያልኩት ይሄንን ነው። ያማሃም ተመሳሳይ ነገር አለው፤ ኤምቲ-07 እና ትሬሰር 7 በአንድ 689 ሲሲ ሞተር ይሄዳሉ። አንዱ 14 ሊትር፣ ሌላው እንደ ሞዴሉ ዓመት 17 ወይም 18 ሊትር ይይዛል።

እንግዲህ ወረቀታችሁን አውጡ። ያከበባችሁት መጥፎ መንገድ የተሰባበረ አስፋልትና ኮብልስቶን ከሆነ 17 ኢንች ላይ ቆዩ፤ ቨርሲስና ትሬሰር የሚባሉት ዓይነት ናቸው የእናንተ። ጠጠር በየሳምንቱ የምትነዱ ከሆነ የፊቱ ጎማ 19 ኢንች የሆነ ይሻላል፤ ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650 ለምሳሌ፣ 20 ሊትር ታንክ ያለው። ኩርባ ላይ ትንሽ ቀርፈፍ ይላል፣ ጉድጓድ ግን ይውጣል። 21 ኢንች ያለው እንደ ሮያል ኢንፊልድ ሂማላያን ያለ ሞተር ለጭቃና ለድንጋይ አሪፍ ነው። የመጀመሪያው ባለ 411 ሲሲው ግን 24 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው ያለው፤ ስፖርት የሚለውን ቃል ከፍላጎታችሁ ውስጥ ሰርዙ።

በጀቱ እነዚህ ጋ የማይደርስ ሰው ባጃጅ ዶሚናር 400ን ይመልከት። 373 ሲሲ ነው፣ 17 ኢንች ጎማ፣ ቀና ያለ አቀማመጥ። ታንኩ 13 ሊትር መሆኑ ነው ጉድለቱ።

ደረጃ 5፦ ታንኩን በሰልፍ ዓይን ለኩት

ሂሳቡ ቀላል ነው። 650 ሲሲ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ሰውና ሻንጣ ጭኖ በሊትር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። 15 ሊትር 300 ይሆናል። 50ውን ለመጠባበቂያ አስቀሩ፤ 250። በ21 ሊትር 370። ከባሕር ዳር ጎንደር ደርሶ መልስ 360 ነው። አንዱ መሃል ላይ ማደያ ይፈልጋል፣ ሌላው አይፈልግም።

ማደያ ላይ ቤንዚን የለም በሚባልበት ሳምንት ይሄ ልዩነት ትልቅ ነው። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ውድ መሆኑ ብቻ አይደለም ችግሩ። ውሃና ቆሻሻ ይኖርበታል፤ ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ደግሞ ቆሻሻ አይወድም። ከተገደዳችሁ በነጭ ጨርቅ አጥልሉት። የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ከፍ ያለ ኦክቴን የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ያንን ሞተር ተዉት። ስፖርት ሞተሮቹ ብዙ ጊዜ ይጠይቃሉ።

ደረጃ 6፦ መለዋወጫውን ከሞተሩ በፊት ሸምቱ

ይሄ ደረጃ አሰልቺ ነው። ቢሆንም ገንዘብ የሚበላው እዚህ ነው።

የፈለጋችሁትን ሞተር ስም ይዛችሁ ባሕር ዳር ውስጥ ያሉትን የሞተር መለዋወጫ ሱቆች ዙሩ። የፍሬን ሸራ፣ የዘይት ፊልትሮ፣ ካቴና ከነጥርሱ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የፊትና የኋላ ጎማ። አምስቱንም ጠይቁ። ካለ ዋጋውን ጻፉ። ከሌለ ከአዲስ አበባ በስንት ቀን እንደሚመጣ ጠይቁ። «ይገኛል፣ አስመጣልሃለሁ» የሚለው መልስ የለም ማለት ነው። ከአምስቱ ሦስቱ ከሌሉ ሞተሩን ተዉት፣ የፈለገ ቢያምር።

ስለ ጎማ አንድ ነገር። ካላማዳሪ የሌለው ጎማ ይመረጣል። ሚስማር ሲወጋው አየሩ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ጎሚስታ ሳትፈልጉ በራሳችሁ መድፈን ትችላላችሁ። የጎማ መድፈኛ ኪትና ትንሽ ፓምፕ ከመቀመጫ ሥር ይገባል።

ደረጃ 7፦ ያገለገለ ከሆነ

ትልልቆቹ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት ያገለገሉ ሆነው ነው። ሻጩን ሞተሩን አስነስቶ እንዳይጠብቃችሁ ንገሩት። ስትደርሱ የሞተሩን ጎን በእጃችሁ ንኩ። ሞቅ ካለ ሻጩ ቀዝቃዛውን ሞተር ማስነሳት እንድታዩ አልፈለገም።

መጀመሪያ የመሪውን ጫፎችና የፍሬን እጀታውን ጫፍ እዩ። ተፍቆ ከሆነ ወድቋል። አንዴ ቆሞ የወደቀ ሞተር ችግር የለውም፤ የአንድ ወገን ጭረት ብቻ ይኖረዋል። በመሪው፣ በመርገጫውና በሞተሩ ሽፋን ላይ ረጅም ጭረት ካለ እየሄደ ነው የወደቀው። ከዚያ የፊቱን ጎማ ከመሬት አስነስታችሁ መሪውን ከጫፍ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። መሃል ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ አልቋል። የፊቱን ሾክ አብረቅራቂ ዘንግ በጣታችሁ ጥረጉ፤ ዘይት ከያዘ ጎሚኒው ተበላሽቷል።

ጎማው ጥርስ አለው ብላችሁ አትርኩ። ጎኑ ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው በኋላ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ዕድሜው የገፋ ጎማ ጥርሱ ቢኖርም ይደርቃል፣ ኩርባ ላይ አይዝም። ከዋጋው ላይ ቀንሱለት።

ወረቀቱ ላይ ሊብሬውን ከሻንሲ ቁጥሩና ከሞተር ቁጥሩ ጋር ራሳችሁ አስተያዩ። ቀረጥ የተከፈለበት መሆኑን፣ ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን መድኑንም እዩ። ደላላው «እኔ አለሁልህ» ካለ ጥሩ፣ እናንተ ግን ቁጥሩን አንብቡ።

ደረጃ 8፦ የሙከራ መንገድ

ሻጩ ሰፈር ውስጥ ሁለት ዙር ብቻ ንዳ ቢል አትስማሙ። መታወቂያችሁን ወይም ገንዘቡን አስይዙና አርባ ደቂቃ ለምኑ። መጀመሪያ ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፤ ሾኩ ያንኳኳል ወይ? ባጃጅ የሚበዛበት አደባባይ ላይ በአንደኛ ማርሽ ተሳቡ፤ ራዲያተሩ ሙቀቱን እግራችሁ ላይ ይተፋል ወይ? ጠባብ ቦታ ላይ እግር ሳታወርዱ ዙሩ። ከዚያ በግንቦት 2016 በተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተሻግራችሁ ወደ ዘንዘልማ ውጡ። መንገዱ ጭር ሲል ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ሞክሩ። ኤቢኤስ፣ ማለትም ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ የፍሬን ሥርዓት፣ ካለው የፍሬኑ እጀታ ጣት ላይ ሲርገበገብ ይሰማል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የማቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን አትርሱ። ለከብት መንጋ ሲባል እኔ ኤቢኤስ የሌለውን ትልቅ ሞተር አልገዛም።

ስትመለሱ ከሞተሩ ውረዱና ሰውነታችሁን ጠይቁ። አንጓ? አንገት? ጉልበት? አርባ ደቂቃ ላይ የጀመረ ሕመም ደጀን ላይ አይጠፋም።

ደረጃ 9፦ ከገዛችሁ በኋላ ስፖርቱን ጨምሩበት

ገንዘብ ይቅርላችሁ፤ በጀቱን በሙሉ ሞተሩ ላይ አትጨርሱ። መጀመሪያ ሙሉ ሄልሜት፣ ጓንት፣ ጃኬት። ቀጥሎ ጎማ፤ ስፖርት ቱሪንግ የሚባለውን ዓይነት። መሃሉ ጠንካራ ነው፣ ለረጅም አስፋልት ይቆያል፤ ጎንና ጎኑ ለስላሳ ነው፣ ስታጋድሉ ይይዛል።

ሦስተኛው ነጻ ነው፣ ግን ማንም አያደርገውም። የኋላውን ሾክ ለክብደታችሁ አስተካክሉ። ሞተሩ ማንም ሳይቀመጥበት፣ ሾኩ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ከጎማው ዘንግ እስከ መቀመጫው ሥር በሜትር ለኩ። ከዚያ ተቀምጣችሁ ሰው ይለካላችሁ። ልዩነቱ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደህና ነው። ከበለጠ ሞላውን አጥብቁ፣ ካነሰ አላሉ። ሰው ስትጭኑ እንደገና አጥብቁ። ብዙ ሰው «ይሄ ሞተር ኩርባ ላይ ይንሳፈፋል» የሚለው ይሄን ሳያደርግ ነው።

ሻንጣ ከጨርቅ የተሠራው ይበቃል፤ ቀላል ነው፣ ሲወድቅ አይሰበርም፣ ለኩርባ ቀን ይፈታል። ከባዱን ዕቃ ወደ ታችና ወደ ፊት አድርጉ። ከኋላ ከፍ አድርጎ የተጫነ ሞተር የፊት ጎማው ይቀላል፣ ቁልቁለት ላይም መሪው ይቀልዳል። የእናንተ፣ የተሳፋሪውና የሻንጣው ክብደት ተደምሮ መመሪያ መጽሐፉ ላይ ከተጻፈው የጭነት ልክ እንዳያልፍ።

የመጀመሪያውን ረጅም ጉዞ ጎንደር አድርጉት፣ ብቻችሁን፣ በደረቅ ወቅት። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠዋት ከአባዱላ ሾፌሮች ጠይቁ። ወረታ ላይ ቁሙና ካቴናውን በጣት ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱ፤ በአብዛኛው ሞተር ላይ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር መላላት አለበት፣ ትክክለኛውን ልክ መጽሐፉ ይነግራችኋል። የሻንጣውን ማሰሪያ ሳቡ፣ የመስታወቱን ብሎን ንኩ። ከጎንደር ስትመለሱ ደግሞ ፎገራ ሜዳን ከመምሸቱ በፊት እለፉ፤ ከብቱ ወደ ቤት የሚገባው በዚያው አስፋልት ነው።